በአንደኛ ማርሽ የወረድነው ቁልቁለት

ባለፈው ክረምት ዲላ መናኸሪያ ከአውቶቡስ ስወርድ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። አንድ የጭነት መኪና ከዳገቱ ወርዶ፣ ከጎማው ሥር ጭስ እያወጣ ቆሟል፤ ረዳቱ በጀሪካን ውሃ ያፈስበታል። አጠገቤ የነበረች ሴት በነጠላዋ አፍንጫዋን ይዛ ፈጠን ፈጠን እያለች አለፈች። እኔ ሻንጣዬን ይዤ እዚያው ቆሜ ሽታውን ሳብ አደርግ ነበር። ልጅ ሆኜ ከዚህ ሽታ የበለጠ የምወደው ሽቶ አልነበረም። የደፋር ወንድ ሽታ ይመስለኝ ነበርና። የአባቴ መኪና ግን አንድም ቀን እንዲህ ሸትታ አታውቅም፤ ከልቤ የሚያሳፍረኝም ይኸው ነበር።

አራተኛ ክፍል የነበርኩበት ዓመት ነው። ያን ዓመት ክረምቱ አልወጣ ብሎ መስከረምንም ጥቅምትንም አልፎ ኅዳር ውስጥ ገባ። በኛ አገር ዝናብ ብርቅ አይደለም፤ ያን ዓመት ግን ዝናቡ ራሱ ቤቱን የረሳ ይመስል ነበር። ደብተራችን እርጥብ፣ ካልሲያችን እርጥብ፣ የክፍላችን አግዳሚ ወንበር እንኳ የሻገተ ዳቦ ይሸታል። እናቴ አስተማሪ ናት። በዚያ ዓመት ትምህርቷን ለማሻሻል አዋሳ ሄዳ ነበር፤ ቤት የቀረነው አባቴና እኔ ብቻ ነን።

ከዚያ በፊት አባቴን የማውቀው እንደ እንግዳ ነው። የጅቡቲ መስመር ተሳቢ ሾፌር ስለነበር ከስንት ጊዜ አንዴ ብቅ ይላል፤ ተምርና ብስኩት ያመጣል፣ ሲተኛ ይሰነብታል፣ እኛም ድምፃችንን ዝቅ አድርገን በጣታችን እየተራመድን እንሰነብታለን፣ ከዚያ ይሄዳል። እናቴ ለትምህርት ስትሄድ እኔን ለዘመድ ሰጥቶ መሄድ ስላልፈለገ ተሳቢውን ትቶ የሐጂ ነስሩን አይሱዙ መንዳት ጀመረ። ሐጂ ነስሩ ዲላ መሃል ከተማ ትልቅ ሱቅ የነበራቸው ነጋዴ ናቸው። ይርጋጨፌ አጠገብ፣ ወንዝ ዳር ደግሞ የቡና መፈልፈያና ማጠቢያ ነበራቸው። የአባቴ ሥራ ከሰዓት ከዲላ ተነስቶ ኢዲዶ ተራራ ላይ መውጣት፣ ገበሬው የዚያን ዕለት የለቀመውን ቀይ ቡና መጫንና ሳይመሽ ወደ መፈልፈያው ማውረድ ነው። እኔ የጠዋት ፈረቃ ተማሪ ስለነበርኩ ምሳዬን እንደበላሁ ጋቢና ውስጥ እገባለሁ።

እንዲህ አድርጌ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ የየቀን አባት አገኘሁ። ጠዋት ፀጉሬን የሚሠራልኝ እሱ ነበር። ግሪስ የማይለቀው ጣቱን ሳሙና ላይ አሽቶ አሽቶ፣ ፀጉሬን ለሁለት ይከፍልና በላስቲክ ያስረዋል፤ አንደኛው ጆሮዬ ላይ፣ ሁለተኛው ማጅራቴ ላይ ይውላል። ክፍል ውስጥ ይስቁብኛል። እኔ እንዳይፈታ ጭንቅላቴን ቀጥ አድርጌ እውላለሁ።

ጉድለቱ አንድ ብቻ ነበር፤ ቀስ ብሎ ነው የሚነዳው። ቀስ ስላችሁ እንደዋዛ እንዳታዩት። ወናጎን ስናልፍ ዶሮ አንጠልጥላ ወደ ገበያ የምትሄድ ሴት በመስኮቱ በኩል ከአባቴ ጋር ሰላምታ ተለዋውጣ፣ የቤተሰቡን ደህንነት ጠይቃ፣ የራሷን ችግር አጫውታው ስታበቃ ጥላን ትሄዳለች። የሌሎቹ መኪና ሾፌሮች «ሙሽራ ጫኝ» ይሉት ነበር። ሲያልፉን ክላክሳቸውን እንደ ሰርግ እየደጋገሙ ይነፉልናል፤ አባቴ እጁን ከፍ አድርጎ ሰላም ይላቸዋል። እኔ ከመቀመጫው ሥር ዝቅ ብዬ እደበቃለሁ።

ዝናብ የጠገበ ቁልቁለት ጫፍ ላይ ስንደርስ ደግሞ ይብሳል። መኪናውን ያቆማል፣ ይወርዳል፣ ቁልቁለቱን በእግሩ ይወርደዋል። ጭቃውን በተረከዙ ጫን እያደረገ፣ ወደ ቀኝ ሄድ ወደ ግራ መለስ እያለ፣ ጎንበስ ብሎ መሬት መሬቱን ያያል። ተመልሶ ይመጣና የኋላ ጎማዎቹ ላይ የብረት ካቴና ያስራል። እኔ የጠፋበት ነገር ያለ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን አዘንኩለትና ወርጄ አብሬው መፈለግ ጀመርኩ።

«ምን ጠፍቶሽ ነው ማርቲ?» አለኝ።

«ያንተ የጠፋው።»

ቀና ብሎ አየኝ። አልሳቀም። «እኔ የምፈልገው ጎማዬ የሚይዝበት ቦታ ነው፤ በይ ግቢ፣ ጫማሽ ቀይ ሆነ» አለኝ።

ጉም ሲወርድ መስኮቱን ሙሉ በሙሉ ከፍቶ ጭንቅላቱን ወደ ውጭ አውጥቶ ይሰማል። ዝናቡ ፊቱ ላይ፣ ከፊቱ ደግሞ እኔ ላይ ይረጫል። በርዶኛል ስለው ካፖርቱን አውልቆ ይሰጠኛል እንጂ መስኮቱን አይዘጋም። «ከባድ ማርሽ አስገባሁ» ብሎ አንደኛን ሲያስገባ ደግሞ በጣም እናደድ ነበር። ያን ሁሉ ጆንያ የተሸከመች መኪና ላይ ለምን ሌላ ከባድ ነገር ይጨምርባታል እላለሁ በልቤ።

የኔ ጀግና ታረቀኝ ነበር። የሐጂ ነስሩን ሁለተኛ መኪና የሚነዳው እሱ ነው። በዝናብ ጥቁር መነጽር ያደርጋል፣ ካሴቱ ከሩቅ ይሰማል፣ መኪናው መፈልፈያው ደጅ ሲቆም ያ የምወደው የፍሬን ሽታ ግቢውን ይሞላዋል። እኔን ሲያይ ማስቲካ ይሰጠኛል። «አባትሽ ደረሰ ወይስ ከትናንት ወዲያ ነው የተነሳው?» እያለ ሠራተኞቹን ያስቃል። እኔም አብሬ እስቅና ማስቲካውን ሳልፈታ ኪሴ ውስጥ እከተዋለሁ። እዚህ ላይ ታረቀኝ አንድ ቀን ገደል ገባ ብዬ እንድጽፍ የምትጠብቁ ካላችሁ፣ አልገባም። በሰላም ሲነዳ ኖረ። እግዚአብሔር ለአንዳንድ ሰው ሲያደላ ዝም ብሎ ነው።

ቀይ ቡና ተለቅሞ ጆንያ ውስጥ ከገባ በኋላ አይጠብቅም። ከቆየ እዚያው ጆንያው ውስጥ እየሞቀ ይሄዳል፤ ጠረኑ ከጣፋጭነት ወደ ኮምጣጣነት ይለወጣል፤ እንደዚያ ሆኖ ከገባ ለመታጠብ አይበቃም፣ ከነገለባው ማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቶ በርካሽ የሚሸጥ ይሆናል። አንዳንዴ ጭነቱ ላይ ወጥቼ እጄን በጆንያዎቹ መሃል ስከት እንደ ሕፃን ብብት ይሞቀኛል። ቡናው በአባቴ ዝግታ እየተናደደ ነው እል ነበር። እባክህ ትንሽ ታገሥ እለዋለሁ።

በዚያ ጭቃ ምክንያት ጭነታችን ከአንዴም ሁለቴ ሞቆ ገባ። ሐጂ ነስሩ አንድ ከሰዓት አባቴን ሱቃቸው አስጠሩት። እኔ ከስኳር ጆንያ ላይ ተቀምጬ ነበር። ሐጂ ሲቆጡ ድምፃቸው ዝቅ ነው የሚለው።

«ጌታሁን፣ ጠባይህን እወደዋለሁ። ልጄን የምድርልህ ዓይነት ሰው ነህ። ግን እኔ ቡና ነው የምሸጠው። ከእንግዲህ አንድ ጊዜ ሞቆ ከገባብኝ ቁልፉን አምጣልኝ። የታረቀኝ ወንድም ሥራ ፈቶ ተቀምጧል።»

«እሺ ሐጂ» አለ አባቴ።

ቤት ስንደርስ ምጣድ ላይ ድንች እየጠበሰ ጠየቅሁት።

«ቁልፉን ከሰጠሃቸው ምን ትነዳለህ?»

«ተሳቢዬን ነዋ።»

«ጅቡቲ?»

«ጅቡቲ።»

«እኔስ?»

ድንቹን ማገላበጡን አላቆመም። «አለታ ወንዶ አክስትሽ ጋ ትሆኛለሽ። እማማሽ እስክትመለስ ነው።»

አክስቴ ደግ ሴት ናት። ልጆቿም ይወዱኛል። እኔ ግን ፀጉሬን ጆሮዬና ማጅራቴ ላይ የሚያስርልኝ ሰው ዲላ ነው ያለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ የማየው ሰማዩን ሆነ። ጋቢና ውስጥም አባቴ ነዳጅ በሰጠ ቁጥር ሁለት እግሬን ወለሉ ላይ ተጭኜ አብሬው እገፋ ነበር።

የሆነው የሆነ ዕለት ከጠዋት ጀምሮ ሲዘንብ ዋለ። ገበሬዎቹ ለመልቀም ስለዘገዩ እኛም ስንጭን ዘገየን። ረዳታችን ጂግሶ የዚያው አገር ሰው፣ ሚስትና ልጆች ያሉት ጎልማሳ ነው፤ ጆንያዎቹ ላይ ላስቲክ ሸፍኖ ከላይ ተቀመጠ። ቁልቁለቱን መውረድ ስንጀምር ዝናቡ ወደ ካፊያ ተለውጦ ጉም ወርዶ ነበር። ኢዲዶ ላይ ጉም ሲወርድ ዛፉም ቤቱም ይሰወራል፤ የሚቀረው ከመንገዱ ዳር ያለው የመጀመሪያው እንሰት ብቻ ነው።

መጀመሪያ የሰማነው ድምፅ ነው። መዝሙር ይሁን ልቅሶ አልለየሁትም፤ ሁለቱም ነበር። ጂግሶ የጋቢናውን ጣሪያ በመዳፉ መታ መታ አደረገ። አባቴ አንደኛ ማርሽ አስገባ። ከጉሙ ውስጥ መጀመሪያ ጃንጥላ፣ ቀጥሎ ጀርባ፣ ቀጥሎ ብዙ ጀርባ ወጣ። መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ሞልተው ወደ ታች የሚወርዱ ለቀስተኞች ናቸው። በጌዴኦ ሰው ሲሞት ከየቀበሌው ዘመድ ተጠራርቶ በእግሩ ነው የሚሄደው፤ ቀብር ካለቀ በኋላም የሩቁ ይመጣል። እነዚህም ከላይ ከተራራው ወርደው ወደ ሐዘን ቤቱ የሚሄዱ ነበሩ።

መቼም ሌላ ሾፌር ቢሆን ክላክስ ይነፋል። ነውርም የለውም፤ ለቀስተኛው ዳር ዳሩን ይይዝና ያሳልፋል። ታረቀኝ ሲያደርገው አይቻለሁ።

«አባዬ፣ ክላክስ ንፋ» አልኩት።

«አልነፋም።»

«ለምን?»

«ብነፋ ወዴት ነው የሚሄዱት?»

አየሁ። በአንድ በኩል ተቆርጦ የቆመ ቀይ የአፈር ግድግዳ ነው። በሌላው በኩል መንገዱ ያልቅና የእንሰቱ አናት ከእግራችን በታች ይታያል። ጠርዙ ላይ ያለው ጭቃ እንደ ቅቤ ያብረቀርቃል። ሕፃን ያዘለች አንዲት ሴት በዚያ በጠርዙ በኩል ነበር የምትሄደው።

«ቁም በቃ፣ እስኪያልፉ እንጠብቅ» አልኩ።

«እዚህ ከቆምን መኪናዋ ራሷን ችላ ትንሸራተታለች። እንዲህ ማርሹ እንደያዛት ቀስ እያለች ትውረድ።» ወዲያው በጎን መስተዋቱ ወደ ኋላ አየ። ከኋላችንም ሌሎች ለቀስተኞች ደርሰውብናል። መሃል ገባን።

«ቡናው ይሞቃል እኮ።»

«ይሞቃል።»

«ሐጂ ደግሞ...»

«አውቃለሁ ማርቲ።»

በዚያ ብርድ ግንባሩ በላብ ርሶ ነበር። እግሩን አየሁት። ፍሬኑ ላይ አልነበረም፤ ከፍሬኑ ሸሸት ብሎ ወለሉ ላይ ተቀምጧል፣ ላቡ ግን ከአገጩ ወርዶ ጉልበቱ ላይ ይንጠባጠባል። ሞተሩ ብቻ እያጉረመረመ መኪናዋን ይይዛታል። ለካ አባቴ ይፈራል። ሲቀልዱበት እውነታቸውን ነበር። ዓይኑ ግን ገደሉን አላየም፤ ያችን ሕፃን ያዘለች ሴት ላይ ተተክሎ ነበር፣ እሷ ስትዘገይ ይዘገያል፣ ስትፈጥን ትንሽ ለቀቅ ያደርጋል። እኔም ሳላስበው እግሬን ከወለሉ ላይ አነሳሁ።

እንዲህ እየሄድን ከፊት ያሉት ዞር ዞር እያሉ ያዩን ጀመር። አንድ ሽማግሌ ባርኔጣውን አወለቀልን። ከዚያ አንዲት አሮጊት ደክሟት ስትንገዳገድ ሁለት ጎልማሶች ደግፈው በሩን ከፈቱና፣ መኪናዋ እየሄደች፣ እኔ አጠገብ አስቀመጧት። ማንም ይቻላል ወይ ብሎ አልጠየቀም። የለበሰችው ጋቢ በዝናብ ከብዷል፤ የጭስና የእርጥብ ሱፍ ሽታ አለው። እጄን ያዘችና በቋንቋዋ እየተናገረች አለቀሰች። ያልገባኝን ነገር ጭንቅላቴን እየነቀነቅሁ እሺ እሺ እላለሁ። «አይዞዎት እናቴ» ይላታል አባቴ መንገዱን እያየ።

ሐዘን ቤቱ መንገድ ዳር ነበር። እዚያ ስንደርስ መሬቱ ሜዳ ሆነ፤ አባቴ ቆመ። ከመቆማችን ሰዎች በሩን ከፍተው እሱን በክንዱ፣ እኔን በእጄ ይዘው ወደ ዳሱ ሊያስገቡን ጀመሩ። ጂግሶ ከጭነቱ ላይ ዘሎ ወርዶ ወደ አባቴ ጆሮ ጠጋ አለ።

«ጋሼ፣ እኛም ለቅሶ የመጣን መስሏቸዋል። ክላክስ ሳይነፋ ያን ሁሉ መንገድ ከኋላ የተከተለ መኪና አይተው አያውቁም። ደግሞ የተሳፈረችው የሟች እህት ናት።»

«ታዲያ ንገራቸዋ።»

«ምን ብዬ? ቡና ይዘን መንገድ ዘግታችሁብን ነው ብዬ?»

አባቴ ወደ ጭነቱ አየ። ወደ አሮጊቷ አየ፤ እጄን እስካሁን አልለቀቀችውም። ፊቱን በመዳፉ ጠረገና ኮፍያውን አወለቀ።

«ትንሽ እንቀመጥ» አለ።

ፊት ለፊት፣ ከሟች ልጆች አጠገብ የቀርከሃ ሰሌን ላይ አስቀመጡን። ቆጮ በጎመን ቀረበልን። እኔ ግን በዳሱ ቀዳዳ መኪናዋን እያየሁ ነበር። ከላስቲኩ ሥር ስስ እንፋሎት የሚወጣ መሰለኝ። ጅቡቲ ታየኝ፤ ያልሄድኩበት አገር ቢሆንም ረጅም ቀጥ ያለ መንገድና መጨረሻው ላይ የአባቴ ጀርባ ሆኖ ነበር የሚታየኝ። እንባዬ መጣ። መጀመሪያ ዋጥ ላደርገው ሞከርኩ፣ ከዚያ አልቻልኩም፣ ድምፅ አውጥቼ ተንሰቀሰቅሁ።

ሴቶቹ ይህን ሲያዩ ልቅሶው እንደ አዲስ ተነሳ። አንዷ ጭኗ ላይ አስቀመጠችኝ፣ ሌላዋ ጀርባዬን ታሻለች። ጂግሶ በኋላ እንደነገረኝ «ይቺ የከተማ ልጅ ሽማግሌያችንን ምን ያህል ብትወደው ነው» ይባባሉ ነበር። ሟቹን በዓይኔ አላየሁትም። ግን እንዲያ ሆኖ የታቀፍኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም፤ ሐዘኔ የራሴ ሆኖ ሳለ የሚያባብለኝ የሌላው ሐዘን ሆነ። ከወጣን በኋላ የሟች ታላቅ ልጅ ጂግሶን «መኪናው የማን ነው?» ብሎ ጠየቀው። «የሐጂ ነስሩ» አለው ጂግሶ።

መፈልፈያው ስንደርስ ቀኑ ሊጨልም ነበር። ተረካቢው አንዱን ጆንያ ፈቶ ክንዱን እስከ ክርኑ ከተተ። ቀና ብሎ አባቴን አየው። አዝኖ ነበር።

«ሞቋል ጌታሁን።»

«ሞቋል» አለ አባቴ።

የዚያን ዕለት ማታ ቤት ስንገባ አባቴ እራት ከማቅረቡ በፊት ወንበር ላይ ወጥቶ ከቁምሳጥኑ አናት ላይ የመንገድ ቦርሳውን አወረደ። አቧራውን በጨርቅ ጠረገው። እኔ አላየሁም ለማለት ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ተኛሁ።

በማግስቱ ቅዳሜ ስለነበር አብሬው ወደ ሐጂ ሱቅ ሄድኩ። አባቴ ሳይጠየቅ ቁልፉን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። ሐጂ ነስሩ ወሬው ቀድሞ ደርሷቸዋል።

«ለቅሶ ላይ ነበርክ አሉኝ» አሉ ቁልፉን ሳይነኩ። «የማታውቀው ሰው ለቅሶ።»

«አዎ ሐጂ። ገብተን ቀረን።»

«ክላክስ የለህም?»

«አለኝ።»

ሐጂ እጃቸውን ወደ ቁልፉ ሲዘረጉ ነው በሩ ላይ ጥላ የወደቀው። የሟች ታላቅ ልጅ ነበር፤ ከኋላው ያቺ አሮጊት፣ ከእሷ ኋላ ጂግሶ። በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ ይዘዋል። ጂግሶ ዓይኑን ከአባቴ ዓይን አሸሸ፤ ሱቁን ያሳያቸው እሱ እንደሆነ ገባኝ። የሟች ልጅ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ አድርጎ ለሐጂ ጎንበስ አለ።

«ሐጂ፣ ስላከበርከን ልናመሰግን ነው የመጣን። አባታችን ከናንተ ጋር ቡና ስንት ዘመን ሸጠ። ግን መኪና ትልካለህ ብለን አላሰብንም። ሌላ መኪና ሁሉ ጮኾብን ነው ያለፈ። ያንተ መኪና ጸጥ ብላ እንደ ሰው ተከተለን። ሾፌሩም ከነልጁ ተቀመጠ፣ ልጅቷም አለቀሰች። አገሩ ሁሉ ይሄን ነው የሚያወራ።»

አሮጊቷ ጥቅልሉን ባንኮኒው ላይ፣ ከቁልፉ አጠገብ አስቀመጠች። ከዚያ እኔን አየችና እጄን ያዘች።

አባቴ ፊቱ ቀላ። «ሐጂ፣ እነሱ የመሰላቸው...»

«ምን እንደመሰላቸው ገብቶኛል» አሉ ሐጂ በዚያ ዝቅ በሚል ድምፃቸው። ጢማቸውን አሹ። መኪና ልኮ ራሱ የማይመጣ ሰው የለም፤ ይህን ሱቁ ውስጥ ያለን ሁላችን እናውቃለን። ሐጂም ያውቃሉ። ተነሱና ኮታቸውን ከምስማሩ ላይ አወረዱ። «ያጽናችሁ። እኔም ዛሬ ልመጣ ነበር» አሏቸው። ይህን ሲሉ አባቴን አላዩትም። ቁልፉን ግን በጣታቸው ወደ እሱ ገፉት። «ለዛሬ አንተው ንዳ» አሉ።

ለዛሬ የሚለውን ቃል ሰማሁት። እንግዶቹ ከጂግሶ ጋር ከኋላ ተጫኑ፤ ሐጂ በመስኮቱ በኩል፣ እኔ መሃል ሆንን። ሐጂ በጭነት መኪና ተሳፍረው አያውቁም መሰለኝ፤ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፍቷቸው ነበር። አስፋልቱ ላይ እያለን «ጌታሁን፣ ትንሽ ንካው እንጂ፣ ሱቅ ዘግቼ ነው የመጣሁት» ይሉታል። አባቴ «እሺ ሐጂ» ይላል፤ መኪናዋ ግን በዚያው ፍጥነቷ ትሄዳለች። እኔ በልቤ ዛሬ እንኳን ትንሽ ፍጠን እያልኩ እለምነዋለሁ።

ለቅሶው ላይ ሐጂን እንደ ትልቅ ሰው ተቀበሏቸው። ተቀመጡ፣ አጽናኑ፣ ከሟች ጋር ስለነበራቸው የጥንት ግብይት አጫወቱ። ዓይናቸው እርጥብ ሆኖ ነበር። ልንመለስ ስንነሳ ሰማዩ ተቀደደ። ካፊያ አይምሰላችሁ፤ ከፊታችን ያለው መንገድ በሙሉ ቀይ ወንዝ ሆነ።

አባቴ ወርዶ ቁልቁለቱን በእግሩ ሄደበት። ሐጂ በመስተዋቱ እያዩ «ምን ጠፍቶበት ነው?» አሉኝ።

«ጎማው የሚይዝበት ቦታ» አልኳቸው።

ተመለሰ፣ ካቴናውን አሰረ፣ አንደኛ ማርሽ አስገባ። ጠርዙ ያለው በሐጂ በኩል ነበር። መኪናዋ አፍንጫዋን ወደ ታች ስትደፋ ሐጂ ሁለት እጃቸውን ዳሽቦርዱ ላይ አኖሩ። የኋላ ጎማችን አንድ ጊዜ ወደ ጠርዙ ሸርተት ብሎ ያዘ። ሐጂ አንድ ነገር በዐረብኛ ተናገሩ። የእንሰቱ አናት በመስኮታቸው በኩል ከጫማቸው በታች ይታያል።

«ቀስ ጌታሁን» አሉ።

«እሺ ሐጂ።»

«ከዚህም ቀስ።»

«ከዚህ በታች ማርሽ የላትም ሐጂ።»

ትከሻቸው ትከሻዬን ተደግፎ ነበር፤ መኪናዋ ስታዘነብል ጭራሽ ወደኔ ይጠጋሉ። እኔ አልፈራሁም። የአባቴን እግር አየሁት፤ ከፍሬኑ ሸሸት ብሎ ወለሉ ላይ፣ መሆን ያለበት ቦታ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እንዲህ ቀስ ብለን ለዘላለም ብንወርድ ብዬ ተመኘሁ።

አስፋልቱ ላይ ስንወጣ ሐጂ ነስሩ እጃቸውን ከዳሽቦርዱ ላይ አንድ በአንድ አነሱ። ወናጎ ስንደርስ ወደ አባቴ ዞሩ።

«ይህን መንገድ በየቀኑ ነው የምትወርደው?»

«በየቀኑ ሐጂ።»

«ይቺን ልጅ ይዘህ?»

«ይዤ።»

ወደኔ ዞሩ። ጆሮዬ ላይ ያለውን ፀጉር፣ ከዚያ ማጅራቴ ላይ ያለውን አዩ። ዲላ ሱቃቸው ደጅ ስንደርስ ዝናቡ አባርቶ ነበር። ሐጂ ወረዱ። አባቴ ሞተሩን አጠፋና ቁልፉን ነቅሎ በመስኮቱ በኩል ዘረጋላቸው። ክንዱ ቀጥ ብሎ ነበር።

ሐጂ ነስሩ ቁልፉን አዩት፣ እሱንም አዩት።

«ምን ላርገው?» አሉ። «እኔ መንዳት አልችልም።»

ኮታቸውን አራግፈው ወደ ሱቃቸው ገቡ። አባቴ ክንዱን እንደዘረጋ ጥቂት ቆየ። ከዚያ ቁልፉን መልሶ ከተተ፣ ግን ወዲያው አላስነሳም፤ ግንባሩን መሪው ላይ አሳርፎ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ።

«ነገም ምሳ እንደበላን ነው የምንነሳው» አለኝ ቀና ሳይል። «ሹራብ ደርቢ፣ መስኮቱን አልዘጋልሽም።»

ክንዱን ይዤ አለቀስኩ፤ እሱም ሞተሩን ሳያስነሳ እስክጨርስ ጠበቀኝ።